ላብ ችፍ ሲል፦ ከሙቀት ሽፍታ ጋር መኖር
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማኅበሩ አመሠራረትና ስለ ሥራው ከእኛ በፊት የተናገሩት ወገኖቻችን በሚገባ አስረድተዋል። የታክሲ ሾፌሮች ተራ ሲደርስ ስለ ነዳጅ ዋጋና ስለ ኡበር ይናገራሉ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ የምንናገረው ስለ ሽፍታ ነው። ጫካ ስለ ገባው ሽፍታ ሳይሆን ቆዳችን ላይ ስለሚወጣው ነው። እርግጥ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። ይኸኛውም ሳይታሰብ ይወጣል፤ ሰላም ይነሣል፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደረስ ድረስም ዱካውን አጥፍቶ ይሰወራል።

እኛ ስንል አምስት ሰዎች ነን። አራታችን እዚህ ሜልበርን ታክሲ እንነዳለን፤ አንዷ እኅታችን በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ከመካከላችን በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተነሣው የተማሪዎች እንቅስቃሴ በኋላ ትምህርታችንን አቋርጠን በኬንያ በኩል የተሰደድን አለን። ሕመሙ የጀመረን ስድስት ኪሎ ሳለን ነው። ኳስ ስንጫወት ወይም ለፈተና ስንጨነቅ ደረታችንን ይበላን ነበር። ከቤት «ምች ነው» ተብለን ዳማከሴ ታሸን፤ «የደም መፍላት ነው» ያሉንም ነበሩ። ካኩማ የስደተኞች ካምፕ ስንደርስ ደግሞ በዚያ ሙቀትና አቧራ ሁሉም ሰው ያክ ስለ ነበር የእኛን ለይቶ ያስተዋለው አልነበረም።

ሜልበርን ከገባን በኋላ ለብዙ ዓመታት አንዳችን የሌላውን ሕመም ሳናውቅ በአንድ የኤርፖርት ሰልፍ ላይ ቆመን ቡና ጠጥተናል። አንድ ቀን በጥር ወር ሙቀት ከመካከላችን አንዱ ከታክሲው ወርዶ፣ ሸሚዙን ገልጦ፣ የሚጠጣውን ውኃ ጀርባው ላይ ሲያፈስ ሌላው ከኋላው አየው። «ወንድሜ፣ አንተንም ነው እንዴ?» አለው። የእኛ ስብስብ የተጀመረው በዚህች ጥያቄ ነው።

የሕመሙ ጠባይ እንዲህ ነው። ሰውነት ከውስጥ ሲሞቅና ላብ ችፍ ሊል ሲል መጀመሪያ ቆዳን በመርፌ ጫፍ እንደ መውጋት ያደርጋል። ከደቂቃዎች በኋላ ከጤፍ ፍሬ እስከ ምስር የሚያህሉ እብጠቶች በደረት፣ በአንገት፣ በጀርባና በክንድ ላይ ይወጣሉ። ያሳክካሉ፤ ያቃጥላሉ። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ብዙውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ምልክት ሳይተዉ ይጠፋሉ። የሚያስነሣቸው ፀሐይ ብቻ አይደለችም። ሩጫ፣ ሙቅ ሻወር፣ ሚጥሚጣ የበዛበት ክትፎ፣ ንዴትና ድንጋጤም ያስነሧቸዋል። ሳይከፍል በር ከፍቶ የሮጠ ተሳፋሪ ሒሳባችንን ብቻ ሳይሆን የቆዳችንንም ሰላም ይዞ እንደሚሄድ እኛ በሚገባ እናውቃለን።

በሕክምና ቋንቋ ይህ ሕመም ኮሊነርጂክ ኧርቲኬሪያ ይባላል። ዊሊያም ዱክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1924 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፏል፤ ስለዚህ ዛሬ የመጣ በሽታ አይደለም። ሰውነት ሲሞቅ አንጎል «ላብ አውጣ» ብሎ ያዛል። ትእዛዙን ለላብ ዕጢዎች የሚያደርሰው አሴቲልኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ይህ ሕመም ባለብን ሰዎች ላይ በዚሁ መካከል ማስት ሴል የሚባሉት የቆዳ ሕዋሳት ሂስታሚን ይለቃሉ። በዚህ ጊዜ ቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ፈሳሽ ያሾልካሉ፤ ቆዳውም ያብጣል፣ ያሳክካል። ከእከክ፣ ከጭርትና ከችፌ የተለየ ነው። ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም። በመጨባበጥ፣ በፎጣም ሆነ በአንድ ማዕድ በመብላት አይተላለፍም።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ያቺ እኅታችን አንድ ሰርግ ላይ እስክስታ ስትወርድ አንገቷ ላይ ወጣባት። አጠገቧ የነበረች እናት ይህን አይታ ሕፃኗን ብድግ አድርጋ ወንበር ስትቀይር ተመለከተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰርግ ቤት አልሄደችም። እኛ ወንዶቹም ብንሆን «ሥራ አለብኝ» እያልን የቅዳሜውን ኳስ ትተናል፤ በገዛ ቤታችን ፎጣችንን ለይተናል። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እንደ እኛ ላለው ነው።

መደበቅ ከዚህ የባሰም ጣጣ አለው። ከእኛ አንዱ ለሐኪም ብናገር ታክሲ ከመንዳት እታገዳለሁ ብሎ ስለ ፈራ፣ ከዘመድ ያገኘውን የአለርጂ ኪኒን ውጦ ለማታ ሥራ ወጣ። ማሳከኩስ ተወው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ከኤርፖርት ጭኖ በተላማሪን ፍሪዌይ ወደ ከተማ ሲመጣ ዓይኑ ተከደነ። የቀሰቀሰው ጎማው የመንገዱን ጠርዝ መስመር ሲረግጥ ያሰማው ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ምንም ሳታውቅ አመስግናው ወረደች። እርሱ ግን ሞተሩን አጥፍቶ እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሾፌር የሆነ ሁሉ ይህን ልብ ይበል። እንደ ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን ያሉት የቀድሞዎቹ የአለርጂ መድኃኒቶች እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ማታ ተውጠው ጠዋትም ሊያደነዝዙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የወጡት ሎራታዲን፣ ሴቲሪዚንና ፌክሶፌናዲን ለዚህ ሕመም የመጀመሪያ ምርጫ ናቸው። ከእነዚህ ሴቲሪዚን አንዳንዱን ሰው ያስተኛዋል፤ ፌክሶፌናዲን ግን እንቅልፍ የማምጣቱ ነገር አነስተኛ ነው። አዲስ ኪኒን የሚጀመረው በዕረፍት ቀን ይሁን። መጠኑ አልበቃ ካለ ሐኪም ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ በራስ ፈቃድ መደራረብ ግን አይገባም። በዚህም ላልተሻለው ስፔሻሊስቶች ኦማሊዙማብ የሚባለውን መርፌ የሚያዙበት ጊዜ አለ።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሽፍታው ጠፍቶ ስለሚጠብቃችሁ በወጣበት ሰዓት በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ እንደ ነጭ ቆዳ ጎልቶ አይታይምና እብጠቱ እንዲለይ ከጎን በኩል በብርሃን አንሡ። መቼ እንደ ወጣ፣ ምን በልታችሁ ወይም ምን ስትሠሩ እንደ ነበረ ጻፉ። ከእኛ አንዱ ሁለት ዓመት ሙሉ «የትንኝ ንክሻ ነው» እየተባለ ሲመለስ ኖሮ መፍትሔ ያገኘው በሦስት ፎቶግራፎች ነው። ቋንቋ ለሚያስቸግረው ሰው በስልክ ቁጥር 131 450 አስተርጓሚ አለ። ከሽፍታው ጋር ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ራስን ካዞረ ግን ጊዜ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ ወዲያውኑ 000 ይደወል።

ስለ ዕለት ኑሯችን ደግሞ ከልምድ ያገኘነውን እናካፍላችሁ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ሜልበርን 46.4 ዲግሪ በደረሰበት ቀን ታክሲ ላይ የነበርን ሰዎች ሙቀት ምን እንደሆነ አንረሳም። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከውጪው አየር እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ በሮቹን ከፍተን፣ ኤሲውን ለኩሰን፣ ጥቂት ደቂቃ ጥላ ውስጥ ሳንቆም አንገባም። በኤስኪ በረዶና እርጥብ ፎጣ እንይዛለን፤ ፎጣውን የምናደርገው ሽፍታው ከወጣ በኋላ ሳይሆን መውጋት ሲጀምር አንገታችን ላይ ነው። ሰፋ ያለ የጥጥ ሸሚዝ እንለብሳለን፤ መለወጫም ይኖረናል። በሥራ ቀን ምሳችን አልጫ ነው፤ ቀይ ወጡን ለማታ እናቆየዋለን። ሻወራችን ለብ ያለ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የክረምቱን ነገር ነው። የሜልበርን ክረምትና የአገራችን ክረምት በአንድ ወቅት ይውላሉ፤ በዚያን ጊዜ ሙቀት ስለሌለ ዐረፍን ብለን ነበር። ነገር ግን ሰውነት ላብ ሳያወጣ ይከርምና ከብርድ ወጥቶ ሂተር ወደ ተለኮሰበት ቤት ድንገት ሲገባ ብዙዎቻችንን ይብስብናል። አሁን ቤት ስንገባ ካፖርታችንን በር ላይ እናወልቃለን፤ የታክሲውንም ሂተር ዝቅ እናደርጋለን። ከእኛ ሁለቱ በሐኪማቸው ምክር በየቀኑ ጥቂት እየተራመዱ ቀስ በቀስ ማላብን በመልመዳቸው ሽፍታው ቀሎላቸዋል። ይህ ግን ለሁሉ ስለማይሆን ያለ ሐኪም አይሞከር።

ሕመሙ ፈጽሞ ለቆናል አንልም። ለብዙዎች ከዓመታት በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል ይባላልና እኛም ተስፋ እናደርጋለን። እስከዚያው ድረስ ማኅበራችንን ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ገናና ጥምቀት እዚህ አገር የሚውሉት በበጋው እምብርት ነውና ግብዣዎቻችን ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ይሁኑ። ሁለተኛ፣ በአዳራሹ በር አጠገብ ቬንቲሌተር ይቁምልን፤ እዚያ ቆሞ የሚነፈስበትንም ሰው «ለምን አትጨፍርም?» ብላችሁ አትጎትቱት። ሦስተኛ፣ አዲስ ታክሲ የሚጀምሩ ወንድሞችና እኅቶች ሲመጡ ስለ እንቅልፍ አምጪ መድኃኒቶች እንድንነግራቸው ግማሽ ሰዓት ይፈቀድልን።

በመጨረሻም፣ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንናገር ደረቱን በዝግታ ያከከ ሰው ካለ በእረፍት ሰዓት በኋላው በር በኩል ቆመን እንጠብቀዋለን። እኅታችንም ዛሬ በመካከላችሁ አለች፤ ማታ ዘፈኑ ሲጀመር እስክስታ ልትወርድ ቃል ገብታለች። ሽፍታ ቢወጣባትም አትሽሿት።