ስልካችን አማና ነው



የተከበራችሁ የጅማ፣ የአጋሮና የሊሙ ገነት ጀመዓዎች! የቡና ዋጋ የምንጠያየቀው፣ ለሐዘንና ለሰርግ የምንጠራራው ለዓመታት በአንድ ድርጅት፣ በኢትዮ ቴሌኮም መስመር ነበር። ማን ለማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ደቂቃ እንደደወለ እዚያው ተመዝግቦ ይቀመጣል። ሂዩማን ራይትስ ዎች መጋቢት 2006 ባወጣው ሪፖርት፣ የጸጥታ ኃይሎች ይህን መዝገብ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንደሚያገኙ፣ የተቀዳ ንግግርም በምርመራ ላይ ለታሰሩ ሰዎች እንደሚያሰሙ ገልጿል።

ሕጉስ ምን ይላል? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የስልክና የኤሌክትሮኒክስ ግንኙነታችን እንደማይደፈር ደንግጓል። በ2012 የተሻረው የጸረ ሽብር አዋጅ 652/2001 እንኳ በአንቀጽ 14 ለጠለፋ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። እኛም የምንለው ሕጉ ይከበር ነው።

«ጥያቄያችን ሰላማዊና የአደባባይ ነው፤ ታዲያ ምን ያስፈራናል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የምንደብቀው የለንም። ነገር ግን በስልካችን ውስጥ የሌሎች ስም፣ ፎቶና ምስጢር አለ። ያ አማና ነው። ስለዚህ ማን የት እንዳለ በስልክ አንናገር። የሰው ፊት የሚታይበትን የጁሙዓ ፎቶ ፌስቡክ ላይ አንለጥፍ። ከማናውቀው ሰው የተላከ ፋይል አንክፈት፤ ፊንፊሸር የተባለው መሰለያ ፎቶ መስሎ እንደተላከ ሲቲዝን ላብ መጋቢት 2005 አጋልጧል።

ከሁሉ በላይ እርስ በርስ አንሰላለል። ሱረቱል ሑጁራት ጥርጣሬንና ስለላን በአንድ አንቀጽ ላይ አብሮ ከልክሏል። ጀመዓው በጥርጣሬ ከተበተነ፣ እሱን ለመስበር የስልክ ጠላፊ አያስፈልግም።

ድምፃችን ይሰማ! አላሁ አክበር!