ስድስት የባሕር ዛፍ እንጨት
(በምሩቃን መገናኛ በዓላችን ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከባሌ አንድ ነገር ንገሪን» ሲለኝ ስለ ሆስፒታል እንደማወራ ጠብቆ ይሆናል። ስለ ሆስፒታል እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያወራል። እኔ የማወራው ስለ ኳስ ሜዳ ነው፤ እስቲ ታገሡኝ።

ጎባና ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። ነገሩ የሆነው ከሁለቱ በአንዱ ነው። በየትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም፣ ነገ ቢሮው ደጃፍ ወረፋ የምይዘውም እኔው ነኝ።

ሰፈራችን ውስጥ ሜዳ አለ። ባሌ ዝናቡ ሁለቴ ነው፤ ገበሬው ገናና ቦና ብሎ በዓመት ሁለቴ ያመርታል። ሜዳውም እንደዚያው ሁለቴ ይጨቀያል፣ ሁለቴ ይደርቃል። አጨዳ ሲደርስ ግማሹ ቡድን ኮምባይነር ተከትሎ ጆንያ ሊሸከም ይበተናል፣ ልምምድም ይቆማል። የቀረው ጊዜ ግን ከትምህርት ቤት መልስ እስኪመሽ ድረስ ኳስ ነው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ልጆቹ ግን በካናቴራ ናቸው።

አንድ ቀን ጠዋት ሜዳው ላይ ችካል ተተክሎ ተገኘ። አንዱ ችካል የፍጹም ቅጣት ምት ከሚመታበት ቦታ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ቦታው ለግንባታ ተመድቧል ተባለ። ልጆቹ ተናደው ሁለቱን ነቀሉ፤ ሦስት ልጆች ፖሊስ ጣቢያ አደሩ።

በማግሥቱ አሠልጣኙ ቤቴ መጡ። ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም፣ ፊሽካውንም የገዙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። «ቢሮ አብረሽን ግቢ፤ ዶክተር ካለች ወንበር ይሰጡናል» አሉኝ። ተረኛ ነኝ አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ተረኛ አልነበርኩም። ቡናቸውን ጠጡና ሊወጡ ሲሉ ግቢውን ዞር ብለው አዩት። «ልጄ፣ ይኼ ግቢሽ እኮ የፊተኛው ሜዳችን ነበር። አንዱ ጎል እዚያ ማድ ቤትሽ ጋ ነበር» አሉኝ። ለነገር አልነበረም። እንዲያው ትዝ ብሏቸው ነው።

እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛሁም። ቦታውን ያገኘሁት በቤት ሠሪ ማኅበር ነው። ስንረከብ ወረቀቱ ላይ «ክፍት ቦታ» ይላል። ሜትር ይዘን ስንለካ ልጆች ይጫወቱ ነበር፤ ከመሀላችን አንዱ አሥር ብር ሰጥቶ «ወዲያ ሂዱልን» አላቸው። እኔም ሳቅኩ። ፈርሜ ተረከብኩ። ስለዚህ ይኼን ታሪክ ስነግራችሁ ጥፋቱ የአንድ ቢሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ቢሮ ገባን፤ ወንበርም ሰጡን። ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው። «ካርታ አላችሁ?» የለንም። «የተመዘገበ ማኅበር ናችሁ?» አይደለንም። «በቦታው ላይ ያላችሁ ንብረት ምንድን ነው?» አሠልጣኙ ትንሽ አሰቡና «ስድስት የባሕር ዛፍ እንጨት» አሉ። ሁለት ጎል፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ። ቢሮው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም።

ቤት ገብቼ አዋጆቹን አነበብኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሕግ ተማሪ ሆንኩላችሁ። ኃላፊው ከራሱ ፈጥሮ አልነበረም የጠየቀው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የከተማ ቦታ በአዋጅ 721/2004 መሠረት በሊዝ ይተላለፋል። የካሣው አዋጅ 1161/2011 የሚያውቀው ባለይዞታን ነው። ሠላሳ ዓመት ኳስ መጫወት ባለይዞታ አያደርግም። በወረቀት ላይ ክፍት የሆነ ቦታ በላዩ ላይ ሃምሳ ልጅ ቢኖርም ክፍት ነው።

ጃንሜዳን አስታውሱ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ እዚያ ተዛወረ። ለጥምቀት 2013 ደግሞ ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ተጸዳ፤ ምክንያቱም ሁሉም የሚያውቀው ቀጠሮ አለው፣ ታቦት ያድርበታል። የኛ ሰፈር ሜዳ የሚታወቅ ቀጠሮ የለውም። (ዋልያዎቹ እንኳ ሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ «በሜዳችን» የተባለው ማላዊ ውስጥ ነበር። ይኼ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ግን ሲያንገበግበኝ ይኖራል።)

ያኔ ጅማ ትዝ አለኝ። ሲቢቲፒና ቲቲፒ ብለው ቀበሌ ለቀበሌ ሲያዞሩን እንዴት እናማርር እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ቤት መቁጠር፣ የቀበሌውን ካርታ በእርሳስ መሣል። ያን ጊዜ የጠላሁትን ሥራ ልጆቹን አስተማርኳቸው። ደብተር ገዛን፣ ሜዳውን ሣልን፣ በየሰዓቱ ማን እንደሚጠቀምበት ጻፍን። ጠዋት ተማሪዎች ለስፖርት ክፍለ ጊዜ ይመጣሉ። ረፋድ ላይ እናቶች እህል ያሰጣሉ። ሰው ሲሞት የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። ማታ ወንዶቹ። ሴቶቹ ቡድን መቼ ነው ስንል፣ ድሮ በፊተኛው ሜዳ ይጫወቱ እንደነበር አሠልጣኙ ነገሩን። ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የወጡት እነሱ ናቸው። ይኼንን ደብተሩ ውስጥ ስጽፍ እጄ ከበደኝ፤ የወጡት እኔ ማድ ቤት ከሠራሁበት ነዋ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ሰውነቱን ማንቀሳቀስ አለበት ይላል። ያንንም አያያዝነው። እኔ ግን ለኃላፊው በቃል የነገርኩት ሌላ ነው፤ «ከሜዳው የወጣ ልጅ ፑል ቤት ነው ወይ ጫት ቤት ነው፣ ከዚያ ወዲያ የማገኘው እኔ ነኝ» አልኩት። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ 574/2000፣ ፕላን በሕዝብ ተሳትፎ ይሠራ ስለሚል፣ ሜዳው በፕላኑ ላይ መጫወቻ ተብሎ ይስፈርልን ብለን ጠየቅን።

መልሱ «ይታያል» ነው። ግንባታው አልተጀመረም፣ አልተሰረዘምም። እኛም ተመዝገቡ ስለተባልን ማኅበር ለማቋቋም ስም እንፈልጋለን፤ በስሙ ላይ ሦስት ስብሰባ ተጣልተናል። የተነቀሉት ሁለት ችካሎች ተመልሰው ተተክለዋል። ልጆቹ አሁን አይነቅሏቸውም፤ ዙሪያቸውን ዞረው ይጫወታሉ፣ ባለፈው ቅዳሜ አንዱ ተጋጭቶ ቅንድቡን ሦስት ስፌት ሰፋሁለት።

ኳስና ማልያ ልትልኩልን ያሰባችሁ እግዜር ይስጥልን። ግን ከእናንተ መካከል ባሏ ወይም ሚስቱ የከተማ ፕላን ማንበብ የሚችል ካለ፣ ምሳ ላይ እባካችሁ አጠገቤ ተቀመጡ። ደብተሩን ይዤ መጥቻለሁ።