ብዙ የተናገረው ገበሬ እንዴት ባዶ ይሆናል? የጽሑፍ ተለዋዋጮችን በአዲስ መስመር ስለማያያዝ



የዛሬው ርእሴ ትንሽ ይመስላል፤ በመጠይቅ የተሰበሰቡ የጽሑፍ መልሶችን፣ እያንዳንዱን በየራሱ መስመር አድርጎ፣ በአንድ ተለዋዋጭ ውስጥ ማያያዝ ነው።

በሐብሩ ወረዳ፣ በግራና፣ ለመስኖ ተጠቃሚዎች የቀረበ መጠይቅ አለን እንበል። ስለ ውኃ ድርሻ፣ ስለ ሽንኩርት ገበያና ስለ ቦይ ጥገና ሦስት ክፍት ጥያቄዎች አሉት። መልሶቹን በአንድነት ለማንበብ ስንሻ ብዙዎቻችን በክፍት ቦታ ብቻ እናያይዛቸዋለን። ይህን አልደግፍም። የውኃው አቤቱታ የት አልቆ የገበያው የት እንደሚጀምር አንባቢው ሊለይ አይችልም፤ በመስክ ላይ አራት ነጥብ የሚያስታውስ መረጃ ሰብሳቢም ብዙ አይደለም። አዲስ መስመር ግን በኮምፒውተር ዘንድ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ቁጥሩም 10 ነው። ዊንዶውስ ከፊቱ 13ን ይጨምርበታል።

በሳስ ካትኤክስ የተባለው ፈንክሽን ይህን ምልክት በየመልሱ መካከል እያስገባ ያያይዛል፤ ባዶ መልሶችንም ይዘላል። የአር ቋንቋው ፔስት ግን የጎደለውን መልስ ኤንኤ የሚል ቃል አድርጎ ከገበሬው ንግግር መካከል ይሰካዋል፤ አስቀድሞ ማጥራት ያሻል።

ከሁሉ የሚከብደው የርዝመት ጉዳይ ነው። ርዝመቱ ቀድሞ ያልተወሰነ ተለዋዋጭ ከካትኤክስ የሚያገኘው 200 ባይት ብቻ ነው። ይህ ለእንግሊዝኛ 200 ፊደል ማለት ነው። የግእዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ 66 ፊደል ሲገባ ቦታው ይሞላል። ከዚያ ሲያልፍ ሳስ በዳታ ስቴፕ ውስጥ ትርፉን ብቻ ቆርጦ አይጥልም፤ ውጤቱን በሙሉ ባዶ ያደርገዋል፤ ማስጠንቀቂያውንም የሚጽፈው ብዙ ሰው በማያነበው በሎጉ ላይ ነው። እንግዲህ «ደኅና ነው» ብሎ ያለፈው ገበሬ ይቆጠራል፤ በውኃ ተራ የተነሣውን ጠብ በዝርዝር ያስረዳው መልስ ካልሰጡት ጋር ይመደባል። ጉድለቱ በዘፈቀደ የሚደርስ አይደለም፤ ችግር የጸናበትን ሰው መርጦ ዝም ያሰኛል። በቆቦ ግራና ሸለቆ ስላለው መስኖ የሚጻፍ ዘገባ በእንዲህ ያለ መረጃ ላይ ከቆመ ቅሬታ የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ስለዚህ ተማሪዎቼን የማዛቸው ከማያያዛቸው በፊት ርዝመቱን እንዲወስኑ ነው። 3000 ባይት 1000 የግእዝ ፊደል ይይዛል። ቀጥሎም፣ ቢያንስ አንድ መልስ እያላቸው የተያያዘው ጽሑፍ ባዶ የሆነባቸውን መጠይቆች ያስቆጥራሉ፤ ውጤቱ ዜሮ መሆን አለበት። መረጃው በነጠላ ሰረዝ ወደተከፈለ ፋይል ሲላክ ደግሞ መልሱ በትእምርተ ጥቅስ ካልታቀፈ አንዱ ቤተሰብ ሦስት ረድፍ ሆኖ ይወጣል፤ የረድፎቹን ብዛት ከመጠይቆቹ ብዛት ጋር ማስተያየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።