ተባዩን ትተን ንቡን ስናባርር

(ባለፈው ቅዳሜ፣ ወደ ናይሮቢ ለሥራ በሚሄድ አብሮ አደጌ ሽኝት ላይ ያሰማሁት ንግግር ነው። ስሙን በራሱ ፈቃድ አልጠቀስኩም።)



«አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ አንድ ነገር በል» ተብዬ ነው የቆምኩት። በሽኝት ላይ እንደ ወጉ ምርቃት ነው የሚቀድመው። ምርቃቱን ለእማማ ትቼ እኔ ስለ ሰባቱ ወር ላውራ። የሥራ ውሉ ከደረሰው ቀን ጀምሮ ከዚህ ልጅ ጋር ቢሮ ለቢሮ ስዞር ስለከረምኩ ምስክርነቴ የዓይን ነው።

በመጀመሪያ የት እንደሚሄድ እንወቅ። ኢሲፔ ይባላል፤ ስለ ነፍሳት የሚመራመር ዓለም አቀፍ ማዕከል ነው። ካሳራኒ ያለው ግቢው ስሙ «ዱዱቪል» ነው። ዱዱ ማለት በስዋሂሊ ነፍሳት ማለት ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ «ልጄን የትንኝ አገር ልትሰዱት ነው?» ብለው ነበር። አይደለም እማማ! ይህን ተቋም በ1970 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ካምብሪጅ ተምረው አገራቸው የተመለሱት ኬንያዊው ቶማስ ኦዲያምቦ ናቸው። ከ2013 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዋና ዳይሬክተርነት የመሩት የእኛዋ የፍኖተ ሰላም ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ልጃችንን የሚወስደው አውሮፓ ወይም አሜሪካ አይደለም። ከሞያሌ ማዶ ያለ ጎረቤት ነው። ያንን ቤት የሠራውም ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው።

የዚህ ተቋም ሰዎች ከእንግሊዞች ጋር ሆነው ያወጡት አንድ ዘዴ አለ፤ «መግፋትና መሳብ» ይሉታል። በበቆሎው መካከል ዴስሞዲየም የሚባል ተክል ይዘራል። ሽታው የአገዳ ቆርቁር የምትጥለውን የእሳት ራት ይገፋል። በማሳው ዳር የዝሆን ሣር ይተከላል፤ እሱ ደግሞ ይስባታል። እዚያ ሄዳ እንቁላሏን ትጥላለች፤ ከሚፈለፈሉት ትሎች አብዛኞቹ አያድጉም። ዴስሞዲየሙ አቀንጭራንም ያጠፋል። ገበሬው መርዝ ሳይገዛ ይገላገላል።

ይህን ዘዴ ሲያስረዳኝ ሳቄ መጣ። «ይሄማ የኛ መሥሪያ ቤቶች አሠራር ነው!» አልኩት። መካከሉ ላይ የሚገፋ ሽታ፣ ዳር ላይ የሚስብ ሣር። ልዩነቱ ኬንያ የሚገፋው ተባዩ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚገፋው ንቡ ነው።

አጋነንክ እንዳትሉኝ ሰባቱን ወር ልቁጠርላችሁ። ይህ ሰው በመንግሥት ወጪ ማስተርሱን ተምሮ ግዴታውን አገልግሎ ጨርሷል። ቢሆንም «መጨረስህን የሚያሳይ ማስረጃ ከፋይልህ ውስጥ የለም» ተባለ። ማን ነው ያጣው? መዝገብ ቤቱ! ማን ነው የሚጠየቀው? ዋሱ! ዋስ ሆነው የፈረሙት አጎቱ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ እዚህ ተቀምጠዋል። ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ እሳቸው ያውቁታል። ፋይሉ በአራተኛው ወር ከሌላ ሰው ፋይል ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ይቅርታ ያለ ሰው ግን የለም።

ከዚያ ክሊራንስ መጣ። ቤተ መጻሕፍት፣ ንብረት ክፍል፣ ሒሳብ ክፍል፣ አሥራ አራት ፊርማ። አንዱ ፈራሚ ስብሰባ፣ አንዱ ፊልድ፣ አንዱ ለቅሶ። አንድ ኃላፊ «አንተ ከሄድክ ማን ይተካሃል?» ብሎ ተቆጣው። ይኸው ሰውዬ የተበላሸውን ማይክሮስኮፕ አሠሩልኝ ተብሎ ሲለመን ሦስት ዓመት «በጀት የለም» ሲል የኖረ ነው። እንዴ! ሲሠራ ያልታየ ሰው ሊሄድ ሲል እንዴት ታየ?

ይህ ልጅ የሚያጠናው ያንን ከአሜሪካ የመጣ ተምች ነው። ተምቹ በ2016 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ውስጥ ታየ፣ በ2017 እኛ በቆሎ ላይ ደረሰ። ክሊራንስ የጠየቀው የለም! ተምቹን የሚከታተለው ሰው ግን አሥራ አራት ፊርማ።

ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ሻንጣው ቀላል ነበር። የቢጫ ወባ ክትባቱን ተከትቧል፤ ለእህቱ ውክልና ሰጥቷል፤ መጻሕፍቱን ለተማሪዎቹ አከፋፍሏል። እማማ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ዳቦ ቆሎውን ሞሉለት። አንድ ነገር ብቻ አውጥቶ መለሰላቸው፤ በጨርቅ የቋጠሩለትን የጎመን ዘር። «እማዬ፣ ዘር ያለ ፈቃድና ያለ ጤና ምስክር ወረቀት ድንበር አይሻገርም። ተባይ የሚዛመተው እንዲህ ነው» አላቸው። እማማ ዘሩን ተቀብለው «እንግዲያው ስትመለስ ትዘራዋለህ» አሉት። ያን ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን።

ወገኖቼ፣ የኔ ጥያቄ እዚህች «ስትመለስ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል? ቦታው ይጠበቅለታል? እዚያ የሚሠራው ዓመት በአገልግሎት ይታሰብለታል? ወይስ እንደገና ከጀማሪ ደረጃ ጀምር ይባላል? ባለሥልጣኖቻችን በየመድረኩ «የተማረው ሰው ኮበለለ» ይላሉ። ቀፎውን በጭስ ያፈነ ሰው ንቡ ሄደ ብሎ ማማረር የሚችል አይመስለኝም። ኦዲያምቦ ተመልሰው ተቋም ሠሩ፤ የሚሠሩበት ቦታ ስላገኙ ነው። መመለሻ በሩን የዘጋ አገር የሄደውን ከሃዲ ሊል አይገባውም።

አንተም ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። እዚያ የምታገኘውን እዚህ ለቀሩት ተማሪዎችህ ከመጻፍ አትቦዝን። ከእኛ ሰዎች ጋር የሚሠራ ምርምር ሲገኝ ስማችንን ጥራ። ውልህ ሁለት ዓመት ነው። ሁለት ዓመት ደግሞ ሰባት ወር ክሊራንስ ለተጠበቀበት አገር ብዙ አይደለም!

ሰላም ግባ። የጎመኑ ዘር እማማ ዘንድ ነው።