ንብ የሚመጣው ለተሰናዳ ቤት ነው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቦቻቸውም መጽናናቱን ይስጥልን።

«ዕድር ስለ ቀብር ይነጋገር እንጂ ስለ ንብ ምን አገባው?» የሚል አባል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከእናንተው መካከል አምስት ሰዎች፣ ማለትም ሦስት ጡረተኞችና ሁለት ሥራ ያላገኙ ወጣቶች፣ ኮሚቴውን አስፈቅደን ከዕድሩ ዕቃ ቤት በስተጀርባ ንብ ማርባት ስለ ጀመርን፣ ቦታው የሁላችን ነውና ሥራችንን ማስረዳት ይገባናል። ሁለተኛ፣ በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከለቅሶ ድንኳን አጠገብ ያረፈውን የንብ መንጋ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሰፈራችን ከእንጦጦ ግርጌ ነው፤ ባሕር ዛፉም አበባውም ቅርብ ነው። ስለዚህ ይህ ነገር ነገም ሊመጣ ይችላል። ሲመጣ ምን እናድርግ? ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ መንጋ ማለት ምን እንደሆነ እንይ። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባና መች ምድሩን ሲያለብሱት፣ ንቡ ቀለብ ያገኛል፤ ይበዛል፤ ቀፎው ይጠበዋል። ያን ጊዜ ሠራተኞቹ ንቦች ለአዲስ ንግሥት የሚሆን ቤት በሰም ይሠራሉ። አዲሲቱ ንግሥት ከመውጣቷ አስቀድሞ አሮጊቷ ንግሥት ከቤቱ ሕዝብ ከፊሉን ይዛ ትወጣለች። መንጋ የምንለው ይኸው ነው። አባቶቻችን ይህችን መሪ «አውራ» ይሏታል፤ ስሙ የወንድ ይምሰል እንጂ እንቁላል የምትጥል እናት ናት። የሚገርመው ደግሞ ለልጇ የሠራ ቤትና የተሞላ ጎተራ ትታላት እሷ ወደ ሜዳ መውጣቷ ነው።

ከመንጋ ሌላ ኮብላይ የሚባል አለ። ይህ ረሀብ፣ ጉንዳን፣ ወይም የሰው ረብሻ ሲበዛበት ቤቱን ጭራሽ ለቆ የሚሄድ ንብ ነው። የአገራችን ንብ መኮብለል አያስቸግረውም። ስለዚህ ንብ መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ማኖር ሌላ ነገር ነው።

መንጋው እንደ ወጣ ሩቅ አይሄድም። በአቅራቢያው ዛፍ ላይ እንደ ዘለላ ተንጠልጥሎ ያርፋል። ሲወጣ ሆዱን በማር ሞልቶ ስለሆነና የሚጠብቀው ልጅም ሆነ ማር ስለሌለው፣ ካልነኩት አብዛኛውን ጊዜ አይቆጣም። ከዚያ ቤት ፈላጊዎች ይላካሉ። ቤት ያገኘችው ንብ ተመልሳ በዘለላው ላይ እየጨፈረች አቅጣጫውንና ርቀቱን ለጓደኞቿ ትናገራለች። ይህን የንብ ጭፈራ ቋንቋ የፈቱት ካርል ፎን ፍሪሽ የተባሉ ኦስትሪያዊ ሊቅ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ተማሪያቸው ማርቲን ሊንዳወር ደግሞ መንጋ ቤት ሲመርጥ እንዴት እንደሚመክር አጥንተዋል። አንዷ ይህን ቤት፣ ሌላዋ ያንን ቤት እያለች ትጨፍራለች፤ ሌሎቹ ሄደው አይተው ይመለሳሉ፤ ወደ መጨረሻው ሁሉም ወደ አንዱ ያዘነብላሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መንጋው ይነሣል። የኛም ስብሰባ እንደዚህ ሄዶ አይቶ የሚናገር ሰው ቢበዛበት ቶሎ ባለቀ ነበር።

አንዳንድ ጀማሪ ንብ መያዝ ማለት ከመንጋ ኋላ መሮጥ ይመስለዋል። ቆርቆሮ እየደበደበ፣ አፈር እየበተነ አጥር ይዘላል። ነገሩ ግን እንደ እንግዳ አቀባበል ነው። ቤቱ አስቀድሞ ተጠርጎ መቆየት አለበት።

ይህ ቤት ምን ዓይነት ይሁን? በአሜሪካ አገር ቶማስ ሲሊ የሚባሉ ተመራማሪ ንብ በራሱ ሲመርጥ የሚወደውን ለክተዋል። ውስጡ 40 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ማለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሁለት የሚሆን፤ በሩ ጠባብ፤ ከመሬትም ከፍ ያለ ቤት ሲያገኝ ደስ ይለዋል። የአገራችን ገበሬ ሳይለካ ቀፎውን ዛፍ ላይ የሚሰቅለው በከንቱ አልነበረም ማለት ነው።

እኛ በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ሦስት ባህላዊ ቀፎ ገዛን። ከቀርከሃ የተሠሩ፣ በጭቃና በእበት የተመረጉ ናቸው። ዘመናዊው ባለ ፍሬም ቀፎ ዋጋው ከበድ ይላል፤ ብዙ ሰውም አስቀድሞ በባህላዊው ይይዝና ኋላ ያዛውራል። አደረቅናቸው፤ በወይራ ጭስ አጠናቸው፤ ሰቀልናቸው። መስከረም ሙሉውን ዝንብ እንኳ ዝር አላለም። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ተስፋ አለው ወይ?» ይሉን ጀመር። «ቤት ሠርቶ ተከራይ የሚጠብቅ ሰው ይታገሣል» አልናቸው።

በጥቅምት ነው እንግዲህ ያ ነገር የመጣው። ድንኳን ተተክሏል፤ ለቀስተኛው ተቀምጧል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ሰማዩ ጮኸ፤ መንጋው መጥቶ ከድንኳኑ አጠገብ ባለው የኮክ ዛፍ ላይ አረፈ። ሰው ተነሣ፤ ሕፃናት ጮኹ፤ እናቶች ነጠላቸውን ተከናነቡ። አንዱ «ጋዝ አምጡና እናቃጥለው!» አለ። ሌላው ድንጋይ አነሣ።

እስቲ አስቡት። ጋዝ ተርከፍክፎ ክብሪት ቢጫር፣ የሚነደው ንቡ ብቻ አይደለም። የተረፈው ተቆጥቶ በሕዝብ ላይ ይወርዳል፤ ድንኳኑም ጨርቅ ነው። ሬሳ ሸኝቶ የተመለሰ ሰው ሌላ ሬሳ እንዲሸኝ ማድረግ ነው። ስለዚህ የዕድሩን ዳኛ አማክረን ሦስት ነገር አደረግን። በዛፉ በኩል ያለውን የድንኳን መጋረጃ ዘጋን፤ ለቀስተኛውን በሌላው በር አዛወርን፤ ሁለት ሰው ሕፃናትንና ድንጋይ ወርዋሪን እንዲጠብቅ አቆምን። ሰዉ ተመልሶ ተቀመጠ። ዓይነ ርግባችንንና የኩበት ማጨሻችንን ይዘን፣ ባዶ ቀፎ አቅርበን፣ ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ጠበቅን።

በመካከሉ ግን አንድ አዛውንት አቧራ ለብሰው፣ እያለከለኩ ደረሱ። ከሰፈራችን ወዲያ ማዶ ንብ ያረባሉ።

«ይህ መንጋ የኔ ነው። ከደጄ ጀምሬ እየተከተልኩት ነው የመጣሁት» አሉ።

እዚህ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። ከፊሉ ሰው «ዕድር ግቢ ያረፈ የዕድር ነው!» አለ። ወጣቶቻችንም ሁለት ወር ሲጠብቁ ከርመዋልና ዓይናቸው ከዘለላው አልተነቀለም። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም እጃችንን በልቶናል።

ነገር ግን ሕግ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ንብ ጭምር ይናገራል። ባለቤቱ ከቀፎው የወጣውን ንብ ካልተከተለ ወይም መከተሉን ከተወ፣ ንቡ ባለቤት እንደሌለው ነገር ይቆጠራል። እኚህ አባት ግን ዱካውን ሳይለቁ ነው የደረሱት። ከሕጉም በላይ ጉርብትና አለ። ዛሬ የሰው መንጋ የወሰደ ዕድር ነገ የራሱን ምን ብሎ ይጠይቃል? «ወስደው ይጠቀሙበት አባባ፤ እኛም እናግዝዎ» አልናቸው።

አያያዛቸውን ያየ ሰው ብዙ ተምሯል። ውኃ በእፍኝ ረጨት አደረጉበት፤ ክንፉ ሲርስ ንቡ ይበልጥ ይጠባበቃል። ቀፎውን ከዘለላው ሥር አስጠግተው ቅርንጫፉን አንዴ ብቻ በኃይል ነቀነቁት። ዘለላው እንደ እህል ተዘረገፈ። «አሁን አትንኩት። እሷ ከገባች ሌላው ራሱ ይገባል» አሉን። እውነትም ጥቂቶቹ በበሩ ላይ ቆመው ጅራታቸውን ሽቅብ አንሥተው ክንፋቸውን ያርገበግቡ ጀመር፤ ይህ ሽታ እየላኩ የቀረውን መጥራታቸው ነው። ንግሥቷ ውጭ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ተመልሶ ዛፉ ላይ ይወጣ ነበር። ሲመሽ የቀፎው አፍ በሻሽ ታሰረና ተሸክመነው አደረስናቸው። ሁለት ሰው ተነደፈ፤ ሌላ ጉዳት አልደረሰም። ለቅሶውም በሥርዓቱ አለፈ።

በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ በእግራቸው መጡ። ቀፎዎቻችንን አሸተቱና «ቤታችሁ ደህና ነው፤ ግን የንብ ጠረን የለውም» አሉ። አዲስ ቀፎ እንዲህ ነው። ከራሳቸው ቤት ያመጡትን የቆየ ሰም ሞቅ አድርገው ውስጡን ቀቡልን፤ ጠጅ ሣር አሹበት፤ እንደገናም አጠኑት። የጠጅ ሣሩ ነገር ባዶ ልማድ እንዳይመስላችሁ፤ ንቦች በሩ ላይ ቆመው የሚጠራሩበት ሽታና የጠጅ ሣር ሽታ የሚጋሩት ነገር አለ። ይህን ሊቃውንት መርምረው ደርሰውበታል፤ አባቶቻችን ግን በአፍንጫቸው ያውቁት ነበር።

ከዚያ በኋላ አምስት ስድስት ንብ እየመጣ በሩን ሲያሸት፣ ገብቶ ሲወጣ አየን። ቤት ፈላጊዎች ናቸው። ማንም እንዳይነካ አዘዝን። በዘጠነኛው ቀን ረፋዱ ላይ፣ ማንም ሳይሮጥ፣ ቆርቆሮ ሳይመታ፣ መንጋ መጥቶ መካከለኛውን ቀፎ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞላው። ባለቤት ነኝ ብሎ የተከተለው እንዳለ ሠፈሩን አስጠየቅን፤ አልተገኘም። የመጀመሪያ ንባችን ይህ ነው።

ከገባ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ቀፎውን አልከፈትንም። አበባ ሲሳሳ ስኳር በውኃ በጥብጠን አቀረብን። የጉንዳን መውጫ እንዳይኖር የመደቡን እግሮች የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቆምን። ንቦቹ በእግራቸው ላይ የአበባ ዱቄት ጭነው መግባት ሲጀምሩ ንግሥቷ እንቁላል መጣሏን፣ ቤቱም መጽናቱን አወቅን፤ ዱቄቱ የልጆች ቀለብ ነውና። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ለንቡ የሚበቃውን ትተን 6 ኪሎ ከግማሽ ማር አወጣን። ማሩ ተመዝኖ፣ ዋጋው በዕድሩ መዝገብ ገብቷል፤ የሚፈልግ ማየት ይችላል። ብዙ ገንዘብ ነው አንልም። ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ እንዲሉ፣ መልካሙን ብንናገርም ከልኩ አናሳልፍም።

እንግዲህ ከአባላት የምንለምነው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ መንጋ ያረፈበት ቦታ ሲታይ ድንጋይ፣ ጋዝ፣ የተባይ መድኃኒት አይነካው። ሰው ራቅ ይበልና ለኮሚቴው ይነገር። መንጋው አንዳንዴ በሰዓታት ውስጥ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ራሱ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ንብ የነደፈው ሰው እጁን አያወራጭ። ከቦታው ይራቅ፤ መርፌውን ወዲያው በጥፍሩ ፍቆ ይንቀል። የመርፌው ሽታ ሌሎች ንቦችን ይጠራልና። ፊቱ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ራሱን የሚያዞረው ሰው ካለ ግን ጊዜ ሳይሰጥ ሐኪም ቤት ይወሰድ፤ ለአንዳንድ ሰው አንዲት ንብ ትበቃለች። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበት አባል ካለ አስቀድሞ ይንገረን፤ የቀፎውን ነገር እሱን አስበን እናስተካክላለን።

ሦስተኛ፣ ንብ ማርባት የሚፈልግ አባል ቀፎውን ከመተላለፊያና ከከብት ማሰሪያ ያርቅ፤ ጎረቤቱንም ያማክር። ለመማር የሚፈልግ ካለ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል አለ፤ የግብርና ባለሙያዎችም አሉ። እኚያ አዛውንትም «ልጆቹን ላኩልኝ» ብለዋል።

አራተኛ፣ መንጋ ተከትሎ ወደ ግቢያችሁ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማችሁ በር ክፈቱለት። ያን ቀን በር ባንከፍት ኖሮ፣ አንድ መንጋ ይዘን አንድ ጎረቤትና አንድ መምህር ባጣን ነበር።

ሁለቱ ቀፎዎች አሁንም ባዶ ናቸው። ሰም ተቀብተው፣ ታጥነው ተሰቅለዋል። ለሚመጣው መስከረም እንጠብቃለን።