በተበሳ ፎይል ስለ መጥበስና በእንፋሎት ስለ ማብሰል
ለብቸናና ለሞጣ አካባቢ እናቶችና ቤተሰቦች የተሰጠ ንግግር



ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የሳኒቴሽን ሠራተኞች ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ምግብ ንጽሕና ሲያስተምሩ ኖረዋል። እኛም ዛሬ ከእናንተ ጋር የምንጫወተው ስለ ምድጃችን ነው።

በከተማ ሱቅ ፎይል የሚባል ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ይሸጣል። አንዳንዶቻችሁ ሥጋ ጠቅልላችሁበት ከፍም ላይ አኑራችሁ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ «ይህ የከተማ ሰው ዕቃ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ያለው ይጠቀምበት፤ የሌለውም አይቸገር። ዋናው ነገር ሙቀቱ እስከ ምግቡ መካከል መድረሱ ነው።

ስለ ምን ይህን ያህል ትጨነቃላችሁ ብትሉን፣ ስለ ኮሶ ነው። ኮሶ በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ርዝመቱ ብዙ ሜትር የሚደርስ ትል ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሣሩ ላይ ይቀራል። ከብቱም ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን አብሮ ይውጠዋል። ከዚያ በኋላ ዕጩ ከከብቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ፣ የገብስ ፍሬ የሚያህል ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ብሎ የበላ ሰው፣ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ እሱም ኮሶ ይታይበታል።

ታዲያ ስሕተቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ጾሙ ተፈታ፣ በግ ወይም በሬ ታረደ። የበሬው ሥጋ ተቆረጠና በፎይል ተጠቅልሎ ከሚንበለበል እሳት ላይ ተደረገ። ውጭው ቶሎ ይጠቁራል፣ ሽታውም ያስጎመጃል። ሲቆረጥ ግን መካከሉ ገና ደም ነው። «ተጠብሷል» ተብሎ ለሕፃኑ ይጎረሳል። እናቲቱ ለልጇ ጥሬ ሥጋ እንዳልሰጠች በልቧ ታምናለች፤ ልጁ የበላው ግን ጥሬውን ነው። እንግዲህ ይህ እንዳይሆን የሚከተለውን አድርጉ።

ሥጋ ስንጠብስ

1ኛ. ሥጋውን ከጣት ውፍረት ባልበለጠ ቁረጡት። ወፍራም ሙዳ ውጭው እያረረ ውስጡ ጥሬ ይቀራል።

2ኛ. ፎይሉን ሁለት ሦስት እጥፍ አድርጋችሁ፣ ታጥቦ እሳት ላይ በተለበለበ ወስፌ ብሱት። በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል አንድ ጣት ያህል ርቀት ይኑር። ስቡ በቀዳዳው ይወርዳል፣ እንፋሎቱም ይወጣል፤ የኩበትም ሆነ የባሕር ዛፍ አመድ ሥጋውን አይነካውም።

3ኛ. ነበልባሉ እስኪበርድና ፍሙ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ፎይሉን ከሽቦ መጥበሻ ላይ ዘርጉና ሥጋውን አስቀምጡ፤ ደጋግማችሁም አገላብጡት። ስቡ ፍም ላይ ሲንጠባጠብ ጢሱ ይበዛልና ሕፃናትን አርቁ።

4ኛ. ከሁሉ የወፈረውን ቁራጭ ከመካከሉ ቆርጣችሁ እዩ። ቅላት ከሌለው፣ የሚወጣውም ፈሳሽ ደም ካልቀላቀለ በስሏል ማለት ነው። የኮሶ ዕጭ የሥጋው መካከል 60 ዲግሪ ሲደርስ ይሞታል። ሌሎች ጀርሞችን ለመግደል ግን 70 ዲግሪና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። በቤታችን የሙቀት መለኪያ ስለሌለ ዓይናችን ይፍረድ።

ድንችና ጎመን በእንፋሎት ስናበስል

በጾም ወራት ደግሞ ድንችና ጎመን አለን። ጎመኑን በብዙ ውሃ ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ፣ በውሃው የሚሟሟውን ቪታሚን አብረን እንደፋለን። በእንፋሎት ቢበስል ግን ብዙው ከቅጠሉ ውስጥ ይቀራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጡጫ የሚያህሉ ሦስት ንጹሕ ድንጋዮች ከድስቱ ግርጌ አስቀምጡ። ውሃ ጨምሩ፤ ነገር ግን የድንጋዮቹን አናት አያልፍ። ከድንጋዮቹ በላይ ሦስት አራት እጥፍ የሆነ የተበሳ ፎይል አኑሩ፤ ድንቹን ወይም ጎመኑን ከላዩ አድርጉና ድስቱን ክደኑ። እንፋሎቱ በቀዳዳዎቹ ወጥቶ ያበስለዋል። ውሃው እንዳያልቅ እያያችሁ ጨምሩ።

እዚህ ላይ የአገራችንን ከፍታ አንርሳ። ብቸናም ሞጣም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። በባሕር ዳርቻ ባለ አገር ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ እኛ ዘንድ ግን 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ የቆላ ሰው ድንች ቶሎ ሲበስል የእኛ ይዘገያል። እሳት ብትጨምሩ ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ጊዜ ስጡት፤ ወስፌው ሳይታገል ድንቹን ሲያልፍ ያን ጊዜ አውጡት። ሥጋም በእንፋሎት ብታበስሉ ይኸው ሙቀት የኮሶን ዕጭ ለመግደል ይበቃል፤ እስከ መካከሉ እንዲደርስ ግን መጠበቅ ነው።

ፎይል የሌለው ቤት

ድፎ ዳቦ የምንጋግርበትን የኮባ ቅጠል እናውቀው የለም ወይ? ቅጠሉን አጥባችሁ፣ በወስፌ በስታችሁ ከድንጋዮቹ ላይ አንጥፉት፤ ለእንፋሎት የፎይሉን ሥራ ይሠራል። ሥጋውንም አድቅቆ ከትፎ በብረት ምጣድ ላይ እስኪበስል ማመስ ይቻላል።

ጥንቃቄ

ሎሚ፣ ቲማቲምና ብዙ ጨው አሉሚኒየሙን ይበሉታል፤ ስለዚህ ጨውና ሎሚ ምግቡ ከወጣ በኋላ ይጨመር። የተረፈ ወጥም በፎይል ተሸፍኖ አይደር። ያገለገለ ፎይል ከብት እንዳይውጠው ሜዳ ላይ አይጣል።

የድስቱን ክዳን ስትከፍቱ በወዲያ በኩል ክፈቱት፤ እንፋሎት ከፈላ ውሃ ያላነሰ ይፈጃል። የተቃጠለ ሰው ቢኖር ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ አፍስሱበት። ቅቤ፣ ሊጥ ወይም እበት አትቀቡት፤ ቁስሉ ሰፊ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከቤተ ሰቡ ኮሶ የታየበት ቢኖር አይፈር፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ተመርምሮ መድኃኒት ይውሰድ። የኮሶውን አበባ በግምት መጠጣት ጉዳት አለው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፈጽሞ አትጠጣው።

በመጨረሻም ይህን እንለምናችኋለን። ሁላችንም በመጸዳጃ ቤት ብንጠቀም የኮሶው እንቁላል ወደ ግጦሹ አይደርስም፤ ሥጋውን እስከ መካከሉ ብናበስል ዕጩ ወደ ልጆቻችን አይደርስም። አንዱን ብንስት ሌላው ይጠብቀናል፤ ሁለቱንም ብናደርግ ግን ኮሶ ከሰፈራችን መንገድ ያጣል። ዛሬ የሰማችሁትን ላልመጡት ጎረቤቶቻችሁ ንገሩልን።