ድድ ሲሸሽ ዝም አይባልም
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ስለ ድድ ነው። ቀላል ነገር ይመስላል። ግን ጥርሱ የወለቀበት ሰው ቆሎ እንዴት እንደሚቸግረው ሁላችንም እናያለን እኮ። አሁን ደግሞ ጥርስ ማስተከል መጥቷል፤ አንዳንዱ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አንዳንዱም ውጭ አገር ሠርቶ ሲመለስ አስተክሎ ይመጣል። ታዲያ «ብረት ነው፣ ምን ይሆናል?» ብሎ መዘናጋት አይገባም።

የሚተከለው ጥርስ ሥሩ ቲታኒየም ከሚባል ብረት የተሠራ ብሎን ነው። ስዊድናዊው ፕሮፌሰር ብሮኔማርክ በ1965 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ይህን ዓይነቱን ብሎን በሰው መንጋጋ ላይ ከተከሉ ወዲህ ሥራው በዓለም ተስፋፍቷል። ብሎኑ ከአጥንት ጋር ይዋሐዳል፤ ድዱ ግን የተፈጥሮን ጥርስ እንደሚይዝ አጥብቆ አይዘውም። በዙሪያው ቆሻሻ ከተከማቸ ቁስለቱ ወደ አጥንቱ ይወርዳል። ድዱ ስስ ከሆነ፣ ወይም ብሎኑ ወደ ከንፈር ተጠግቶ ከተተከለ፣ ድዱ ይሸሽና ብረቱ ይታያል።

ሕክምና አለው ወይ? አለው። ሐኪሙ በማደንዘዣ ከላንቃ ስስ ሥጋ ወስዶ በሸሸው ድድ ላይ ይሰፋዋል። የላንቃው ቁስል በጥቂት ሳምንት ይድናል። ድዱ ይወፍራል፣ ለማጽዳትም ይመቻል። ይሁን እንጂ የሸሸው ሁሉ ይመለሳል ማለት አይደለም፤ ከተፈጥሮ ጥርስ ይልቅ በተተከለው ላይ ሥራው ይከብዳል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ቁስለቱ መዳን አለበት። እየደማና እየመገለ ባለ ድድ ላይ መስፋት ከንቱ ድካም ነው።

የራሱ ጥርስ ያለውም ቢሆን መድማትን መናቅ የለበትም። በአገራችን ድድ ሲደማ መነቀስ የቆየ ልማድ ነው። ጥላሸቱ ድዱን ያጠቁረዋል እንጂ ከሥር ያለውን ቆሻሻ አያነሣም፤ እንዲያውም የቀላውን ድድ ይደብቀዋል። አንዱ መርፌ ወይም እሾህ ለብዙ ሰው ሲሆን ደግሞ የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ስለዚህ የሚከተሉትን እናሳስባለን፦

አንደኛ፣ ጥርሳችንን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ቡርሽ እናጽዳ። በመፋቂያ የሚፋቅ ሰው ጫፉን አኝኮ ያለስልሰው፤ ድዱን አይቧጭረው።

ሁለተኛ፣ ድዱ የሚደማ ሰው ሳይውል ሳያድር ይታይ። ሲጋራ የሚያጨስና የስኳር በሽታ ያለበት ይበልጥ ይጠንቀቅ።

ሦስተኛ፣ ጥርስ ያስተከለ ሰው ባያመውም እንኳ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይታይ። የብሎኑን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ከሐኪሙ ተቀብሎ ያስቀምጥ፤ ብሎኑ ብዙ ዓይነት ስለሆነ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ይጠየቃል።

ወገኖቻችን፤ የወለቀ ጥርስ ይተካ ይሆናል። ድዱ ካልተጠበቀ ግን የተተካውም አይሰነብትም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።